የቀሩት አራቱ

ባደግሁበት ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ትንሽ የደቡብ ኮሪያ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። የአያቴ ነው። አባባ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት። መሀሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ የተቃቀፉበት ክብ አለው። አራቱ ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር ጥቁር መስመሮች። አባባ በከዘራቸው እያመለከቱ «ይሄ ሰማይ፣ ይሄ ምድር፣ ይሄ ውሃ፣ ይሄ እሳት» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሁሌም አንድ ነገር ይጨምራሉ። «ስምንት ናቸው አሉ። የቀሩትን አራቱን ግን አላየኋቸውም።»

አባባ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ዘንድሮ ለዕቃ ግዢ ቻይና፣ ዪዉ ገብቼ ዕቃዬ ሁለት ቀን ሲዘገይብኝ ትዝ ያሉኝ እነዚያ አራቱ ናቸው። እዚያው ጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ላንሺ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በስምንቱ ምልክቶች አምሳል የተቀየሰ መንደር አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። ጁጌ ባጓ ይሉታል። ባጓ ማለት ስምንቱ ምልክቶች ማለት ነው። ትንሽ ሻንጣ ይዤ ተነሳሁ።

እስከ ጂንኋ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከዚያ ላንሺ በአውቶቡስ። እዚያ ስወርድ አንድ ባለመኪና ተቀበለኝና «ወደ መንደሩ የሚሄድ አውቶቡስ የለም» ብሎ 120 ዩዋን አስከፈለኝ። በማግስቱ በጥቂት ዩዋን በአውቶቡስ ነው የተመለስኩት። ያንገበገበኝ ገንዘቡ አይደለም። እኔ መርካቶ ነው ያደግሁት፤ ዋጋ ይቆለላል፣ ትከራከራለህ፣ ትስማማለህ፣ በሰላም ትለያያለህ። መንገድ ለሚጠይቅ እንግዳ መንገድ የለም ብሎ መዋሸት ግን ሌላ ነገር ነው። እስካሁን አልወጣልኝም።

ሌሊቱም አልተሻለም። ያረፍኩባት ቤት 150 ዩዋን ናት። ፍራሹ ጣውላ ነው፤ አንሶላው እርጥበት እርጥበት ይላል። ቢንቢው ሳያንስ፣ ከግድግዳው ወዲያ ማጆንግ የሚጫወቱ ሰዎች ድንጋዩን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሲያንጓጉት አደሩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ።

እንኳንም ወጣሁ። መንደሩ መሀል ጆንግ የሚባል ኩሬ አለ። ጎህ ሲቀድ ደረስኩበት። ግማሹ ውሃ ነው፣ ግማሹ የብስ። ሁለቱ እንደ ሁለት ዓሣ ተጠማዝዘው ተቃቅፈዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ደግሞ እንደ ዓይን አንድ አንድ የውሃ ጉድጓድ አለ። ዪንና ያንግ፣ ተቃራኒ ሆነው አንዱ ሌላውን የሚያሟላ ሁለቱ ኃይሎች፣ ማለት ይሄው ነው። በወረቀት ያየሁት ሥዕል መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ አንዲት ሴት ዳር ላይ ቁጢጥ ብላ ጎመን ታጥብበታለች። የአባባ ባንዲራ ላይ ያለው ክብ ዓይን የለውም። ሁለት ዓይኖች እዚያ ሳይ ደስ አለኝ።

ከኩሬው ስምንት መንገዶች ወደ ውጭ ይወጣሉ። የመንደሩ ሰዎች በአብዛኛው ጁጌ ናቸው፤ የጁጌ ልያንግ ዘር ነን ይላሉ። እሱ በ234 እ.ኤ.አ. የሞተ ስመ ጥር የጦር አማካሪ ነው። መንደሩን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቀየሰው 27ኛው ትውልዱ እንደሆነ ይነገራል። ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስቴም መንገድ ጠፋኝ። በሮቹ ደግሞ ፊት ለፊት አይገጥሙም፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጋጭ ሆን ተብሎ ነው ይላሉ። ይሄ ለእኔ ከበደኝ። እኛ ሰፈር በር ከበር ይተያያል፤ ቡናው ሲፈላ መጥሪያ አያስፈልግም።

አራተኛው ላይ ያገኘሁት የመድኃኒት ቅጠል የሚሸጡ አንድ ሽማግሌን ነው። የመንደሩ የድሮ ሙያ ይሄ ነው፤ በመላ ቻይና መድኃኒት ሲነግዱ ኖረዋል። ስልኬ ላይ የነበረውን የባንዲራ ፎቶ አሳየኋቸው። የልጅ ልጃቸው በራሷ ስልክ እያስተረጎመች «የቀሩትን አራቱን ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ሳቅ አሉና ወንበር ሰጡኝ። ሻይ መጣ። ከዚያ የክብሪት ቀፎ አወጡ።

ሃያ አራት እንጨት ቆጠሩ። አሥራ ሁለቱን ሰበሩ፣ አሥራ ሁለቱን ተዉ። ሙሉው ያንግ ነው፣ ስባሪው ዪን። ሦስት ሦስት እያደረጉ በክብ ደረደሩ። ሰማይ ከላይ፣ ሦስቱም ሙሉ። ምድር ከታች፣ ሦስቱም ስባሪ። እሳት በግራ፣ መሀሉ ስባሪ። ውሃ በቀኝ፣ መሀሉ ሙሉ። እነዚህን አውቃቸዋለሁ! የአባባ አራቱ ናቸው። ባንዲራው ላይ ክቡ በስተግራ ትንሽ ዞሮ ጥግ ጥግ ይዘዋል እንጂ ቅደም ተከተላቸው ያው ነው። የቀሩት በመሀል በመሀላቸው ገቡ፦ ነፋስ፣ ተራራ፣ ነጎድጓድ፣ ሐይቅ።

«አንተ ሞክር» ብለው ነጎድጓድን በተኑት። አንድ ሙሉ፣ ሁለት ስባሪ። ሙሉውን በውጭ በኩል አደረግሁት። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚነበበው ከመሀል ወደ ውጭ ነው፤ እኔ የሠራሁት ተራራ ነው። ነጎድጓድ ሲገለበጥ ተራራ ይሆናል፣ ነፋስ ሲገለበጥ ሐይቅ። የባንዲራው አራቱ ግን ቢገለበጡም አይለወጡም። ያን ሁሉ ዓመት ያየኋቸውን ምልክቶች ያን ቀን ነው በወጉ ያየኋቸው።

ፊት ለፊት የሚተያዩትን ደግሞ በጣታቸው አሳዩኝ። ሙሉ ባለበት ትይዩው ስባሪ ነው፤ አንድም ቦታ አይዛነፍም። ታዲያ ጥግ ላይ ያለው የስጦታ ሱቅ የሰቀለው ክብ ላይ እሳት ለምን ከላይ ሆነ አልኳቸው። ሁለት አደራደር አለ። የመጀመሪያው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው፣ ፉሺ ለተባለው የጥንት ንጉሥ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው የንጉሥ ወን ይባላል፤ እሱ ወቅቶችን ይከተላል። ነጎድጓድ ምሥራቅና ጸደይ፣ እሳት ደቡብና በጋ፣ ሐይቅ ምዕራብና መኸር፣ ውሃ ሰሜንና ክረምት። በጥንቱ የቻይና አሣሣል ደቡብ ከላይ ስለሆነ እሳት ላይ ወጣ። ልጅቷ ይህን ለማስተርጎም ብዙ ደከመች፤ እግዜር ይስጣት።

በመጨረሻ ስልኬን ወስደው ባንዲራው እንደበራ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ከክቡ አራቱን ብቻ እያነሱ በስልኩ አራት ጎኖች ደረደሩ። ከላይ ነፋስ። በቀኝ ተራራ። ከታች ነጎድጓድ። በግራ ሐይቅ። አባባ ያላዩዋቸው አራቱ፣ በየቦታቸው።

ፎቶ እንዳላነሳው ስልኬ ራሱ መሀል ተኝቷል። ሽማግሌው ገባቸው መሰለኝ፣ ቅጠል ከሚጠቀልሉበት ቡናማ ወረቀት ቆረጡና በብሩሽ ቀስ ብለው ገለበጡልኝ። ልከፍል ብል እጄን መለሱት። «ለአያትህ ነው» አለች ልጅቷ ከስልኳ እያነበበች።

ወረቀቱን ፓስፖርቴ ውስጥ አጥፌ አመጣሁት። የቅጠሉ ሽታ አሁንም አለው። እናቴ ከባንዲራው ሥር ምስማር መታችለት።