«ፓርቲ የለኝም» ብዬ ሞልቼ ፕራይመሪ ላይ የደረሰብኝ

ባልቲሞር ቃለ መሃላ ፈፅሜ ዜግነት የወሰድኩ ቀን፣ ትንሿን ባንዲራ እንደያዝኩ አንዲት ደግ ፈረንጅ አሮጊት የመራጭ ፎርም ሰጠችኝ፣ እዛው ቆሜ ሞላሁት። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ ከዛ ፓርቲ የሚል መጣ። እኔ ደግሞ ያደግኩት አባቴ «ስምሽን ፓርቲ የሚባል ነገር ላይ እንዳታስፅፊ» እያለኝ ነው። እሱ በቀይ ሽብር ጊዜ ኢሕአፓ ነህ እየተባለ በስም ዝርዝር ሰው ሲለቀም ያየ ነው፣ እኔም በጊዜዬ የአንድ ለአምስት ስብሰባ አንገሽግሾኝ ነው የወጣሁት። ስለዚህ አላመነታሁም፣ «አንአፊሊየትድ» (ፓርቲ የለኝም) የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እንደውም ኮራሁ፣ ነፃ ሰው ነኝ ብዬ።

ያቺ ምልክት ናት ጉድ የሰራችኝ።

2024 ላይ የምኖርበት ስቴት የሜሪላንድ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎቹ ለኖቬምበሩ ምርጫ እጩአቸውን የሚለዩበት ምርጫ፣ ሜይ 14 ነበር። የፕሬዚዳንቱ ብዙም አላጓጓኝም፣ ባይደን እንደሚያልፍ የታወቀ ነው፣ እኔን የያዘኝ የሴኔቱ ነው። የዴሞክራት እጩ ለመሆን የሚወዳደረው ዴቪድ ትሮን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሱ አውጥቶ ቲቪ ስከፍት እሱ፣ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር ልሰማ ስል እሱ፣ በቃ መረረኝ። ከሱ ጋ የምትወዳደረው አንጄላ አልሶብሩክስ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲን ያኔ የምታስተዳድር ነበረች፣ እሷን ልመርጥ ቆርጬ ተነሳሁ።

አሌክሳንድሪያ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ደውዬ እንዴት ነው የሚደረገው አልኩት። «ምንም የለውም፣ ትሄጂና የዴሞክራት ስጡኝ ትያቸዋለሽ፣ እኔ ማርች ላይ እንደዛ ነው ያደረግኩት» አለኝ። አልዋሸም። ቨርጂኒያ ላይ መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፣ የፈለጋችሁትን ፓርቲ ወረቀት እዛው ጠይቃችሁ ትወስዳላችሁ። ሜሪላንድ ግን ወንዙን ስትሻገሩ ሌላ አገር ነው። እኛ ዲኤምቪ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ስንል ሶስቱም አንድ ሕግ ያላቸው ይመስለናል፣ እንጀራ ቤቱ አንድ ስለሆነ መሰለኝ።

ኧርሊ ቮቲንግ (ከምርጫው ቀን ቀደም ብሎ የሚመረጥበት) ከሜይ 2 እስከ 9 ነበር። ቅዳሜ ከስራ ስንወጣ አብራኝ የምትሰራ ልጅ አለች፣ ዜግነቷን ከወሰደች ወር አልሞላትም፣ ሬጅስተር እንኳን አላደረገችም፣ ዝም ብላ እኔን ለመሸኘት ነው የመጣችው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ አንድ መምረጫ ሄድን። ፓርኪንግ ተገኘ፣ ሰልፍ የለም። ፓስፖርቴንም የዜግነት ወረቀቴንም ይዣለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ አለቀ። (የቀበሌ መታወቂያ ረስቶ ከሰልፍ የተመለሰ ሰው ይሄን ማመን ያቅተዋል።)

ከዛ አስመራጩ ልጅ ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) ሰጠኝ። ገለበጥኩት። ፕሬዚዳንት የለም፣ ሴኔት የለም፣ ኮንግረስ የለም። ቦርድ ኦፍ ኤዱኬሽን ብቻ! ሶስት የትምህርት ቦርድ ወንበር፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ። ወረቀት ጎድሎበት መስሎኝ «ቀሪውስ?» አልኩት። ስክሪኑን አይቶ «አንአፊሊየትድ ነሽ፣ ያንቺ ይሄ ነው» አለኝ። እሺ የዴሞክራት ስጠኝ አልኩት፣ አይቻልም። እሺ አሁን ቀይርልኝ፣ አይቻልም፣ ፓርቲ መቀየሪያው ኤፕሪል 23 አልቋል፣ ከምርጫው 21 ቀን በፊት ይዘጋል። «ማን ነገረኝ?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «አንቺው ነሽ እኮ የመረጥሽው»። እውነቱን ነው፣ ግን አነጋገሩ! ፈገግ እያለ!

ይሄ ሳያንስ አጠገቤ የቆመችው ጓደኛዬ እንዲሁ ለወሬ ያህል «እኔ ሬጅስተር አላደረግኩም፣ አልፎኛል አይደል?» ብላ ጠየቀችው። አላለፈሽም አላት። መንጃ ፈቃዷን አሳየች፣ አድራሻዋ አለበት፣ እዛው መዘገባት፣ «ፓርቲ?» አላት፣ «ዴሞክራት» አለች፣ ሙሉውን ባሎት ተቀብላ ገባች። እኔ በጊዜ የተመዘገብኩት የትምህርት ቦርድ ይዤ ቆሜያለሁ፣ እሷ ድንገት የመጣችው ሴኔተር ትመርጣለች። ሕጉ እንደዛ ነው፣ ጭራሽ ያልተመዘገበ ሰው እዛው ሲመዘገብ ፓርቲ ይመርጣል፣ የተመዘገበ ግን መቀየር አይችልም። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አልለቅም አልኩ። «ቺፍ ጃጅ ይጠራ» ሲሉ የፍርድ ቤት ዳኛ መጣብኝ ብዬ ደነገጥኩ፣ ለካ አስመራጮቹን ጃጅ ነው የሚሏቸው። ብትፈልጊ ፕሮቪዥናል ባሎት (ተጣርቶ የሚቆጠር ጊዜያዊ ወረቀት) ሙዪ፣ የምርጫ ቦርዱ በኋላ ያየዋል አሉኝ። ፎርም ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አልሶብሩክስንም አጠቆርኩላት። በኋላ ኦንላይን ሳየው በከፊል ነው የተቆጠረው፣ ማለትም ያው የትምህርት ቦርዱ። ጭራሽ ሳይመርጡ ከመመለስ ትንሽ ይሻላል እንጂ ፕሮቪዥናል ፓርቲ አይቀይርም፣ ይሄን ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ደግሞ አርባ ደቂቃዬን አተርፍ ነበር። አልሶብሩክስስ ያለኔ አሸነፈች፣ ኖቬምበር ላይ ሪፐብሊካኑን ሆጋንንም ዘረረችው፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን የኔ ድምፅ የለበትም።

ጓደኛዬ ስትወጣ «ከታች ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች ስም ተደርድሯል፣ ዘለልኳቸው» አለችኝ። ደሊጌቶቹ ናቸው፣ የፓርቲውን የፕሬዚዳንት እጩ የሚመርጡት ተወካዮች። እኔም ያኔ አጀብ መስለውኝ ነበር፣ የፕሬዚዳንቱ ፕራይመሪ ግን ዋናው ነገሩ እነሱን መላክ ነው። ጁላይ 21 ባይደን ራሱን ሲያገል፣ ኦገስት ላይ ሃሪስን እጩ ያደረጓት እነዚያው የዘለለቻቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። በነገራችን ላይ ከኢሌክተር (በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱን በይፋ ከሚመርጡት) ጋ አታምታቷቸው፣ ሜሪላንድ 10 ኢሌክተር አላት፣ እነሱን ፓርቲው ነው የሚሰይማቸው፣ ስራቸው ከኖቬምበር በኋላ ነው።

እንግዲህ ፎርሙ ላይ «አንአፊሊየትድ» እንደማንኛውም ምርጫ ነው የተቀመጠው፣ ማንም አይከለክላችሁም። እኔ ግን እከለክላችኋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ብዙው ውድድር የሚያልቀው ዴሞክራት ፕራይመሪ ላይ ነው፣ ኖቬምበር የሚቀረው ማህተም መምታት ነው። ባትወዷቸውም ተመዝገቡ። መዋጮ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ኖቬምበር ላይ ያሻችሁን ትመርጣላችሁ። ስማችሁ ያለበትን የመራጭ ዝርዝር የሚጠይቅ ሰው ሊያገኘው ይችላል፣ አልዋሻችሁም፣ እኔ ላይ ያመጣው መዘዝ ግን ፖስታ ሳጥኔ በፍላየር መሙላቱ ብቻ ነው። አሁኑኑ ስቴቱ ድረገፅ ላይ ስማችሁን አስገቡና ፓርቲ የሚለውን እዩ፣ ምርጫ ሲደርስ አይደለም።

ፕራይመሪው አልፎ መዝገቡ ሲከፈት ኦንላይን ገብቼ ወደ ዴሞክራት ቀየርኩ፣ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ማታ አዲስ አበባ ደውዬ «አባዬ፣ ፓርቲ ገባሁ» አልኩት። ዝም አለ። «መታወቂያ ሰጡሽ?» አለኝ። አልሰጡኝም። «ስብሰባስ?» የለም። «ውይ፣ አስደነገጥሽኝ፣ ታዲያ ምኑን ፓርቲ ሆነ» ብሎ ስልኩን ለእማዬ ሰጣት።