አንድ ዓይነት ካዝና

ከምስጋና ቀን በፊት ያለው ሳምንት በጠመንጃ ክፍል ምሳ የማይበላበት ሳምንት ነው። የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ባንኮኒው ፊት ሰው ተደርድሮ ይውላል። በዚያ ግርግር መሐል አንድ ሽማግሌ ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብበው፣ «አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ?» አሉኝ። ዳላስ ውስጥ ሐበሻ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጠመንጃ ሊገዛ የመጣ ሐበሻ ግን በአራት ዓመት ሥራዬ እሳቸው ሦስተኛዬ ነበሩ።

ጋሼ ከከተማው በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ርቀው ትንሽ መሬት ገዝተው ፍየልና በግ ያረባሉ። ለገናና ለፋሲካ ብዙ ሰው ሙክት የሚወስደው ከእሳቸው ነው። የዱር አሳማ አጥሩን ከሥር ቆፍሮ ገብቶ በአንድ ሌሊት አራት ግልገል በላባቸው። «የእኛ አገር ከርከሮ በቆሎ ነው የሚያጠፋው፤ ይኸ ግን ግልገሉን ከነአጥንቱ ነው የሚውጠው» ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም የአባቴን በቆሎ ማማ ላይ ሆኜ፣ ወንጭፍ ይዤ ከአሳማና ከጃርት ስጠብቅ ነው ያደግሁት። እንቅልፍ ያሸነፈን ለት ማለዳ የአባቴ ፊት ምን እንደሚመስል አልረሳውም። ስለዚህ የጋሼን ጉዳይ እንደ አንድ ሽያጭ አላየሁትም።

«ከምን ያህል ርቀት ነው የሚተኩሱት?» አልኳቸው።

«ከበረንዳዬ እስከ በረቱ ነዋ። ሠላሳ እርምጃ፤ ቢበዛ አርባ። ያውም በሌሊት።»

አለቃዬ ይኼኔ መጣና 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ከመደርደሪያው አወረደ። በዚያ ሳምንት እሱን እንድንሸጥ ተነግሮናል። ጥሩ ጥይት ነው፤ ነገር ግን ለሩቅ ታስቦ የተሠራ ነው። የጋሼ አሳማ የሚቆመው ከፍየሎቹ ፊት ነው፤ አሳማውን በስቶ ያለፈ አረር የሚያርፈው ፍየል ላይ ነው። አለቃዬ ስለ አምስት መቶ ሜትር ሲያወራ አቋረጥኩትና «ሠላሳ እርምጃ ነው ያሉት» አልኩት። ሰው ፊት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እኔ ያወረድኩት ኤአር-15 የሚባለውን ጠመንጃ ነው፤ 300 ብላክአውት የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰውን። ምክንያቴን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የወንዱ አሳማ ትከሻ እንደ ጋሻ የደነደነ ነው፤ ልቡም በሁለቱ የፊት እግሮች መሐል ዝቅ ብሎ ይገኛል። .223 የሚባለው ሌላው ጥይት አረሩ 3.6 ግራም ገደማ ነው፤ ቅርፊቱ ቀጭን ከሆነ እዚያ ጋሻ ላይ ይፈረካከሳል። የ300ው አረር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋውን ዓይነት ከመረጥን ጉልበቱን እዚያው አሳማው ላይ ይጨርሳል። አፈሙዙም አጭር ስለሆነ በረንዳ ላይ ለማዞር አያስቸግርም። ጋሼ ወታደር እንደነበሩ ነግረውኝ ስለነበር በመጨረሻ፣ «በአጭሩ ጋሼ፣ የክላሽ ያህል ነው» አልኳቸው።

ይቺ አባባል ነች የሸጠችላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ገና እንደተከፈተ መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱና አንድ ጥይት ባንኮኒው ላይ አኖሩ። አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ተገፍቶ ገብቷል። እንዳየሁት ጉልበቴ ከዳኝ።

«ጋሼ፣ ይኸ በየትኛው ጠመንጃ ነው የጎረሰው?»

«በልጄ።»

ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ሲሄድ እቤት ትቶት የሄደ .223 አለ። ሁለቱም ጠመንጃዎች ጥቁር ናቸው፤ ጥይት የሚሞላበት ካዝናቸውም አንድ ነው። ሌሊት ፍየሎቹ ሲጮሁ እጃቸው የደረሰበትን ጠመንጃና እጃቸው የደረሰበትን ካዝና ይዘው ወጡ።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን መገመት አያቅተውም። የ300 ብላክአውት ቀለህ የተሠራው የ.223ን ቤተሰብ ቀለህ አሳጥሮ ነው። ካዝናውም መዝጊያውም አንድ ነው፤ የሚለየው አፈሙዙ ብቻ ነው። 7.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አረር 5.7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ፊት ይቆማል ማለት ነው። አንዳንዱ አረር መዝጊያውን አላስገጥም ይላል፤ አንዳንዱ ግን ወደ ኋላ ተገፍቶ ያስገጥማል። ያኔ ቃታ ከተሳበ ጠመንጃው ሰው እጅ ላይ፣ ጉንጩ ሥር ይፈነዳል።

«አቀባበልኩት፤ አልገጥም አለኝ» አሉ ጋሼ። «በመዳፌ መታሁት። አሁንም እንቢ አለ። ደግሜ ልመታው ስል ውሻዬ አሳማውን አባረረው፤ ተውኩት።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንተ ‹የክላሽ ያህል ነው› አልከኝ። ክላሽ እኮ የሌላውን ጥይት አይጎርስም፣ ልጄ። እኔ የማውቀው ያንን ነው።»

አልተቆጡም። በቁጣ ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። ስለ አሳማው ትከሻ፣ ስለ ልቡ፣ ስለ አረሩ ክብደት የነገርኳቸው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ለዚያ ርቀት ለዚያ አሳማ ዛሬም ያንኑ ጥይት ነው የምመርጠው። ግን «እቤት ሌላ ጠመንጃ አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ጥያቄ ነው። የእሳቸውን መልስ ብሰማ ኖሮ 30-30 የሚባለውን ጠመንጃ ነበር የማወርድላቸው፤ እሱ ከሌላው ጋር የሚጋራው ካዝና የለውም፤ በሠላሳ እርምጃ ላይም አሳማ ይጥላል።

እንለውጥላቸው ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። የተሸጠ ጠመንጃ አይመለስም አለኝ፤ ደንቡ ነው፣ አውቃለሁ። ቀጥሎ ያለው ነው የከነከነኝ። ጥይቱን አገላብጦ አየና፣ «የጥይቱ ዓይነት ግርጌው ላይ ተጽፏል እኮ» አለ። ጋሼ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረቡ ጠረጉት።

«በሌሊት ማን ያነበዋል?» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። አለቃዬ መልስ አልሰጠም።

ከዚያ ወዲህ ማንም 300 ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው እቤቱ ስላለው ጠመንጃ ነው። ሽያጭ ታዘገያለህ ተብዬ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ባለቀለም ፕላስተር በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ባንኮኒው ሥር አስቀምጫለሁ፤ ካዝናቸው ላይ እንዲጠመጥሙ ለእያንዳንዱ ቆርጬ እሰጣለሁ።

ለፋሲካ በግ ልገዛ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። የልጃቸው ጠመንጃ ከነጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል። በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ ገብተው ሁለት ባዶ ካዝና ይዘው ወጡ።

«ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ። አንዱን እጄ ላይ አኖሩት፤ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ላይ ከፍየል ቆዳ የተቆረጠ ጠፍር ተጠምጥሞበታል፤ ጸጉሩ ገና አልተፋቀም።

«ይኸኛው?» አሉኝ።

«ሦስት መቶ።»

«አሁን በሌሊትም ይነበባል» አሉና ሁለቱንም ተቀብለውኝ ወደ ቤት መለሷቸው።