ቀዝቃዛ ላግኛት

አንድ ሕግ አለኝ። መካኒክ ነኝ፤ ሰዎች ሊገዙ ያሰቡትን መኪና እንድመረምርላቸው ሲጠሩኝ፣ «እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሷት፤ ቀዝቃዛ ላግኛት» እላለሁ። ስደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን በመዳፌ እነካለሁ። ሞቅ ካለ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ። በዚህ ሕግ ስንቱን ደላላ አሳፍሬያለሁ። አንድ ቀን ተራው የኔ ሆነ።

ደንበኛዬ ወጣት ነው። ደውሎ «ጋሼ፣ አርኤክስ 8 አገኘሁ» ሲለኝ የስልክ ሞዴል መስሎኝ ነበር። ማዝዳ ነች። የ2005 ስሪት፣ ቀይ፣ የኋላ በሮቿ ወደ ኋላ የሚከፈቱ። ፒስተን የላትም፤ ሮታሪ ነች፣ በሚሽከረከር ሮተር የምትሠራ። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 «ለ ማን» የሚባለውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በሮታሪ ሞተር ማሸነፉን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሞተር ሞተር ነው ብዬ ረዳቴን ይዤ ወደ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ሄድኩ። ረዳቴ ልጁ መንገድ ላይ ስልኩን እያነበበ የሆነ የሆነ ነገር ሲነግረኝ ነበር። ግማሹን ሰማሁት።

ደላላው ሊብሬውን ዘርግቶ ጠበቀን። «1308 ሲሲ! ከቪትዝ እኩል! ይቺ እኮ ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም።»

ኮፈኑን ነካሁ። በረዶ። ደስ አለኝ። ባለቤቱ ቁልፉን ገና ሲያዞረው ቀጥ ብላ ተነሳች። ጭስ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። «ዘይት ጨምሬባት አላውቅም፤ ጠብታ አትበላም» አለ። እሱንም ወደድኩለት። ካንዴላ ፈትቼ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሯ አየር የምታምቅበትን ግፊት፣ ለካሁ። ከ7 ባር ከፍ ብሎ ቆመ። ለፒስተን ይሄ የሞተ ሞተር ነው። ግን ልጁ «ለዚች ከ7 በታች ነው መጥፎው» ብሎኝ ነበር። ከሰማሁት ግማሽ ውስጥ ይሄ አለበት።

«ሞተሯ ጤነኛ ነች» አልኩ። ጮክ ብዬ፤ ደላላው እየሰማ። እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ ይሄ ቃል ነው።

ልጁ እጄን ጎተት አደረገኝ። «ጋሼ፣ ዘይት አትበላም ነው ያለው?»

«አዎ። ምን አለው?»

«መብላት አለባታ! ሞተሯ ራሷ ዘይት እየረጨች እንድታቃጥል ነው የተሠራችው። ካልቀነሰች ወይ መርጫው አይሠራም ወይ ሰውየው እየዋሸ ነው።»

«አንተ ደግሞ በዩቲዩብህ…» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ዕድሜዬን በሙሉ ዘይት የምትበላ መኪና አትግዙ እያልኩ ኖሬ፣ ካልበላች አትግዙ ልበል?

በወንጂ መንገድ ነዳናት። እውነት ለመናገር ትጣፍጣለች። ደንበኛዬ ፊቱ በርቶ ነበር። ስንመለስ ረዳቴ «ማኪያቶ ልጋብዝ» አለ። ደሞዙን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ጋብዞ አያውቅም። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቱ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ መጣ።

«አታጠፋትም?» አለው ልጁ።

«ኤሲው ይሥራ ብዬ ነው።»

«ውስጥ ማን አለና?»

«ስንመለስ ቀዝቅዛ እንድትጠብቀን።»

«ነዳጁስ?»

ደላላው ጣልቃ ገባ። «አልኩህ እኮ፤ ታሸታለች እንጂ…»

ልጁ ሳቅ ብሎ ተነሳ። ሄዶ አጠፋትና ቁልፉን አምጥቶ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠው። ባለቤቱ ዓይኑን ከዚያ ቁልፍ አልነቀለም። ማኪያቶውን እንኳን አልቀመሰውም። እኔ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተነስተን ሄድን። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ሞተሯ አትይዝም።

«ባትሪ ነው» አለ ደላላው። ከሌላ መኪና ገመድ ሰጠናት። ያው ነው። «እንግዲህ የአዳማ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።»

ልጁ የኮምፕሬሽን መለኪያውን ከእጄ ወሰደ። ሲወስድ አላስፈቀደኝም፤ እኔም ምንም አላልኩም። የዚች ሞተር ሁለት ሮተር ነው ያላት። እያንዳንዱ ባለሦስት ማዕዘን ነው፤ ሦስቱም ፊቶቹ በየተራ በዚያው በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ያልፋሉ። የኛ መለኪያ ደግሞ ከሦስቱ የበረታውን ይዞ ይቆማል። እኔ ያየሁት 7 የጎበዙ ነበር። ልጁ አየር የሚይዘውን ቫልቭ ተጭኖ ያዘና «አዙራት» አለ። መርፌዋ መዝለል ጀመረች። ቱፍ፣ ፍስ፣ ፍስ። ቱፍ፣ ፍስ፣ ፍስ። ሁለቱ ፊቶች እስትንፋስ የላቸውም። ጫፎቹ ላይ ያሉት፣ አየር እንዳያመልጥ የሚዘጉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በኛ ቋንቋ ፋሻ የምንላቸው ዓይነት፣ አልቀዋል። ስትቀዘቅዝ ወፍራሙ ዘይት ይሸፍንላታል። ስትሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና ጉዷ ይወጣል።

ለካ ሰውየው በስልክ «ቀዝቃዛ ትቆይልኝ» ስለው «እሺ ጋሼ፣ እንዳልክ ይሁን!» ብሎ የፈነደቀው ለዚህ ነው። ሌላ ሻጭ ይነጫነጫል። እሱ መረቀኝ።

ደላላው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያየኝ «ሞተሯ ጤነኛ ነች!» ብሎ ይጠራኛል። ይጥራኝ። እሱ ከቪትዝ እኩል ነዳጅ ትበላለች ብሎ የዋሸውን ግን ማንም አያነሳበትም።

ደንበኛዬ ገዛት። አዎ፣ ገዛት። ዋጋ በደንብ አስቀንሶ፣ ሞተር እንደሚወርድ እያወቀ። አሁን ጋራዤ ውስጥ ቆማ ዕቃ ከዱባይ ትጠብቃለች። የሚፈታት ልጁ ነው። እኔ ቁልፍ አቀብላለሁ። ደንበኛዬም ሲደውል «ልጁ አለ?» ነው የሚለኝ።

ባለፈው ሳምንት ቪትዝ ልናይ ሄድን። ኮፈኑን ነካሁ። ሞቅ ብሏል። «ስትቀዘቅዝ እንመለሳለን» አልኩ። ልጁ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። እስክትቀዘቅዝ ካፌ ገብተን ቁጭ አልን። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።