ከአየር ጋር መሽቀዳደም፦ የኮሌስትሮል ተዋጽኦዎችን ስለካ የተማርኩት

ኢንዛይሞች በኮሌስትሮል ላይ ኦክስጅን ሲጨምሩበት ኦክሲስቴሮል የሚባሉ ሞለኪውሎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ሐሞት አሲድነት የሚያመሩ ናቸው። ለዶክትሬት ጥናቴ የሠራሁት እነዚህን ሞለኪውሎች ከደም ፕላዝማና ከአንጎልና ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ መለካት ነበር። ስጀምር ሐሳቤ ሁሉ መሣሪያው ላይ ነበር፤ የሥራው ክብደት ከመሣሪያው በፊት ቱቦው ውስጥ መሆኑን የተረዳሁት አንድ ሙሉ ዙር ናሙና ካበላሸሁ በኋላ ነው።

በ1 ሚሊሊትር ፕላዝማ ውስጥ 2 ሚሊግራም ያህል ኮሌስትሮል አለ፤ በአብዛኛው ከአንጎል የሚመነጨው ኦክሲስቴሮል፣ 24ኤስ-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል፣ ግን ጥቂት አሥር ናኖግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ከኮሌስትሮሉ አንድ ሺሕኛው እንኳ ቱቦው ውስጥ ከአየር ጋር ቢዋሐድ፣ ሰውነት ያልሠራው 2,000 ናኖግራም ያህል ኦክሲስቴሮል ይፈጠራል።

በዚህ ምክንያት ሥራው የሚጀምረው ኮሌስትሮሉን ከኦክሲስቴሮሎቹ ከመለየት ነው። 100 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ወስጄ፣ ዲውቴሪየም በተባለው ከባድ ሃይድሮጅን የከበዱ ማነጻጸሪያ ሞለኪውሎች ወዳሉበት ኤታኖል፣ ቱቦው በአልትራሳውንድ እየተንቀጠቀጠ፣ በጠብታ በጠብታ እጨምራለሁ። ጠብታው ሲያርፍ ፕሮቲኑ እንደ ነጭ ጉም ይበተናል፤ ቸኩዬ በአንድ ጊዜ ስገለብጠው ግን ጓጉሎ ከነስቴሮሉ ከታች ይቀመጣል። ከዚያም ኤታኖሉን በውሃ ወደ 70 በመቶ አውርጄ ቅባታማ ሞለኪውሎችን በሚይዝ ሲ18 በተባለ ማጣሪያ ቱቦ (ኮለም) ሳሳልፈው ኦክሲስቴሮሎቹ ቀድመው ሲወርዱ ኮሌስትሮሉ ኮለሙ ላይ ይቀራል። መሣሪያው የሚያየው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለውን ሞለኪውል ብቻ ሲሆን ስቴሮሎች (ኮሌስትሮልና ዘመዶቹ) ቻርጅ በቀላሉ ስለማይዙ፣ በመጨረሻ ኮሌስትሮል ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም አዘጋጅቼ ጅራርድ ፒ የተባለውን ቻርጅ ያለው ኬሚካል አያይዝባቸዋለሁ።

ስህተቱ የተፈጠረው አንድ ዓርብ ማታ ነው። ኮለም ስላለቀብኝ፣ ኮሌስትሮሉ ገና ያልተለየውን ናሙና አድርቄ እስከ ሰኞ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ውጤቱ ሲወጣ 7-ኬቶኮሌስትሮል የተባለው፣ ኮሌስትሮል ከአየር ጋር ሲዋሐድም የሚፈጠር ኦክሲስቴሮል፣ በጤነኞቹም ሰዎች ናሙና ሳይቀር ከፍ ብሎ ታየ። ይህ ሞለኪውል ኒማን-ፒክ ሲ የተባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚጠረጠርባቸውን ሕፃናት ለመለየት ስለሚያገለግል፣ በሐሰት ከፍ ማለቱ አንድን ቤተሰብ ለከባድ ጭንቀት ሊዳርግ ይችላል። እውነቱን ያወጣልኝ፣ ሰባት ዲውቴሪየም ያለበትን ኮሌስትሮል ከመጀመሪያው መጨመሬ ነው፤ በመሣሪያው ግራፍ ላይ ከ7-ኬቶኮሌስትሮሉ ጎን በ7 የሚከብድ ሌላ ጫፍ ቆሞ ነበር፤ ይህም የጨመርኩት ኮሌስትሮል ቱቦው ውስጥ ከአየር ጋር መዋሐዱን ያሳያል። እንዲህ ያለውን ሞለኪውል ደግሞ የማንም ሰው ጉበት አይሠራውም።

መሣሪያው ራሱም በክብደት ብቻ አይመራም፤ 24፣ 25 እና 27-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል ሦስቱም 402 ስለሚመዝኑ፣ የሚለያያቸው ከመሣሪያው በፊት ያለው፣ ሞለኪውሎቹን በተለያየ ፍጥነት የሚያሳልፈው የክሮማቶግራፊ ኮለም ነው። በፕላዝማ ውስጥ አብዛኛው ኦክሲስቴሮል ከቅባት አሲድ ጋር ተያይዞ ስለሚገኝም፣ ነጻውን ብቻ የለካ ሰው ጠቅላላውን ከለካ ሰው ጋር ቁጥሩን ማወዳደር አይችልም፤ እኔ ይህን ሳላስተውል ሁለት ሳምንት ያህል የሌለ ስህተት ስፈልግ ቆይቻለሁ። የአንጎልና ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ደግሞ በ1 ሚሊሊትር ከ1 እስከ 2 ናኖግራም 24ኤስ-ሃይድሮክሲኮሌስትሮል ብቻ ስለሚይዝ፣ በመርፌው ደም የገባበትንና ቀላ ያለውን ናሙና አልቀበልም።

ያንን ዙር በአዲስ ናሙና ደግሜ ስሠራው የከበደው ጫፍ ጠፋ፤ የጤነኞቹም 7-ኬቶኮሌስትሮል ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቱቦው የተከፈተበትንና ኮሌስትሮሉ የተለየበትን ሰዓት በእያንዳንዱ ናሙና ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ማለዳ ኮለሞቹን ቆጥሬ ሳልጨርስም ፕላዝማ ከማቀዝቀዣው አላወጣም።