የደፈንኩት ቱቦ

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ነው። «ከመዝገብ ቤቱ ኮርኒስ ውኃ እየወረደ ነው» አለኝ። ዝናብ መስሎኝ በመስኮት አየሁ። ወሩ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ቢሮ በተከራየ አንድ ድርጅት የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኛ ነበርኩ። ጠቅላላ አገልግሎት ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። አምፖል ሲቃጠል አንተ፣ ወንበር ሲሰበር አንተ፣ ውኃ ሲጠፋ አንተ። ውኃ ሲበዛም እኔው መሆኔን ያወቅሁት ያን እሁድ ነው።

እየሮጥኩ ደረስኩ። የሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር እንደ መስተዋት ያበራል። ሽንት ቤቱን ስከፍት ውኃው በትልቅ ጩኸት ሳይሆን በእርጋታ፣ በመቀመጫው ጀርባ ካለው የውኃ ሳጥን አፍ ላይ ሞልቶ ወደ ወለሉ ይንሸራተታል። ገንዳው ምንም አልሆነም። የሞላው ሳጥኑ ነው። ክዳኑን ሳነሳ ወዲያው ገባኝ። መሃል ላይ ያለው ቱቦ አፉ በፌስታል ተጠቅጥቆ፣ በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ጠምጣሚው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት አንዲት የሥራ ባልደረባ «ይኼ ሽንት ቤት ሲንሾካሾክ ይውላል» አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ውኃ በመሃሉ ቱቦ አፍ በቀጭኑ ይገባና ወደ ገንዳው ይወርዳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ይህን ሲያይ ያመዋል። ፍሎተሩን፣ ማለትም ያቺን ተንሳፋፊ ኳስ፣ ትንሽ ጎንበስ አደረግኳት። ውኃው ቆመ። ለማንኛውም ብዬ ቱቦውንም ደፈንኩት። ያ ቱቦ ለእኔ ውኃ ማባከኛ ቀዳዳ ነበር። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አየሁት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እንዲያውም ኮራሁ።

ሰኞ ጠዋት ያስመጣናቸው የቧንቧ ባለሙያ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ ሰው ናቸው። ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው መዘው እንደ ሞተ አይጥ አንጠለጠሉት።

«ይኼን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ይቺ ቱቦ እኮ ዘበኛ ናት። ዘበኛውን አስረህ ነው የሄድከው።»

ከዚያ አስረዱኝ። ፍሎተሩ ከውኃው ጋር ከፍ ሲል ክንዱ አንዲት ትንሽ ጎማ ይገፋና መግቢያውን ይዘጋል። ጎማዋ ስታረጅ በደንብ አትዘጋም። ያኔ የተረፈው ውኃ በመሃሉ ቱቦ፣ እሳቸው «ኦቨርፍሎ» በሚሉት፣ ወደ ገንዳው ወርዶ በፍሳሹ መስመር ይሄዳል። ውኃ ይባክናል፤ ቤት ግን አይጠፋም። መንሾካሾኩ ራሱ «ጎማዬን ቀይሩልኝ» የሚል መልእክት ነበር። እኔ መልእክተኛውን አፉን ያዝኩት።

«ታዲያ ዓርብ ለምን አልፈሰሰም?» አልኳቸው። ይህ ነው ሲከነክነኝ ያደረው።

ሳቁ። የሕንፃው ሮቶ ውኃ የሚሰጠው ለላይኞቹ ፎቆች ነው። እኛ ቀጥታ ከመስመሩ ነው የምንጠቀመው። ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ይከፍታል፤ ግፊቱ ይላላል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይበረታል። የኳሷ ጉልበት ግን ቀንም ሌሊትም ያው ነው። ቀን የቻለችውን ውኃ ሌሊት ትሸነፍለታለች። እኔ የሞከርኩት በደካማው ሰዓት ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን የቧንቧ ሥራ ሲያልቅ ማታ ጥበቃው አንድ ጊዜ ገብቶ እንዲያይ አደርጋለሁ።

ጋሼ ከጥበቃው ጋር ሆነው ሒሳብ ሠሩ። ውኃው የመጣው ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። እስከ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በደቂቃ ሁለት ሊትር ብቻ እንኳ ቢፈስ 1,080 ሊትር፤ ከአምስት በርሜል በላይ። ክብደቱም ከአንድ ቶን ይበልጣል። በጸጥታ፣ በአንዲት ሳጥን አፍ።

ግን ለምን ወለሉ ላይ ተጠራቀመ? ሽንት ቤቱ የወለል ማፍሰሻ አለው አይደል? አለው፤ ማለትም ነበረው። ጋሼ በቦት ጫማቸው አፍንጫ ጥጉን መታ መታ አደረጉት። ሲሚንቶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይሸታል ተብሎ ደፍኖታል። እንግዲህ ደፋኙ እኔ ብቻ አይደለሁም። ማጽናኛ ቢሆን ኖሮ።

የሽታው ምክንያት ደግሞ ያስቃል። ከማፍሰሻው ሥር ያለው ቧንቧ ጎብጦ የተሠራ ነው። በጉብጠቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውኃ ይቀራል። ያ ውኃ ነው ለፍሳሹ ሽታ በር የሚዘጋው። ወለሉ ለሳምንታት ውኃ ካልፈሰሰበት ግን ይተንና ይደርቃል፤ በሩ ይከፈታል። መድኃኒቱ አንድ ኩባያ ውኃ ማፍሰስ ነው። እኛ አንድ ኩባያ ውኃ ቆጥበን ሲሚንቶ አፈሰስንበት።

በዚያ ሳምንት፣ ጥፋተኛ ሰው ማንበብ ይወዳል መሰለኝ፣ እነዚህን ነገሮች ማን እንደፈጠራቸው ስፈልግ አመሸሁ። የጎበጠውን ቧንቧ ለሽንት ቤት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1775 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ሥራው ሰዓት መሥራት ነበር። በተንሳፋፊ ነገር ውኃን መቆጣጠር ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ለኖረው ለክቴሲቢዮስ ይሰጣል። እሱም ለውኃ ሰዓት ብሎ ነው የተጠበበት። የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነበር ይባላል። ሽንት ቤታችንን የሠሩልን ሰዓት ሠሪዎች መሆናቸው እስካሁን ያስገርመኛል።

ጉዳቱ የከፋው መዝገብ ቤቱ ላይ ነው። ውኃው ቧንቧዎቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ ወርዶ የጂፕሰም ኮርኒሱን አሳበጠው፤ ከዚያም የሠራተኞች ማኅደር ላይ አራገፈው። የሰው ኃይል ኃላፊው የቅጥር ደብዳቤዎችን በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ሲያሰጣ ዋለ። ማኅተሞቹ ፈስሰው ሐምራዊ አበባ መስለዋል። የአንዱ ሰው ዲፕሎማ ከሌላው የዓመት ፈቃድ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሪፖርቱን ስጽፍ መጀመሪያ «በቴክኒክ ብልሽት» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ የጋሼ ፌስታል ትዝ አለኝና ቀደድኩት። እውነቱን ጻፍኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ገና ባልደረቀው ፋይሌ ውስጥ ገባ።

ሥራ አስኪያጇ ግን በማስጠንቀቂያ የሚረኩ ሰው አይደሉም። «ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ቴክኖሎጂ የለም እንዴ?» አሉ። አለ። ፈልጌ አቀረብኩላቸው። አንደኛው ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ከሥሩ ሁለት የብረት ነጥብ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ውኃ ሁለቱን ነጥብ ሲያገናኛቸው ኤሌክትሪክ ያልፍና ይጮኻል። ሌላው ከመጮኽ አልፎ በሞተር ዋናውን መስመር ይዘጋል። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሠራ ባለ ሁለት ድርብ ቱቦም አለ፤ የውስጡ ሲፈነዳ ውኃው በውጭኛው ውስጥ ይያዝና ከቧንቧው ጫፍ ያለው መዝጊያ ያቆመዋል።

የሚዘጋውን ወደዱት። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። መብራት ሲጠፋስ? አንዳንዱ መዝጊያ መብራት ሲሄድ ራሱን ይዘጋል። እኛ ዘንድ መብራት በሄደ ቁጥር ውኃም ይሄዳል ማለት ነው። በሞተር የሚዞረው ደግሞ መብራት ሲጠፋ በነበረበት ይቆማል፤ ክፍት ከነበረ ክፍት። የራሱ ባትሪ ያለው ካልሆነ በትክክል በምንፈልገው ሌሊት ዝም ሊለን ይችላል። ዋጋውን ሲሰሙ ጥያቄው በራሱ ተዘጋ። የሚጮኸውን፣ ባትሪ የሚበላውን፣ ሁለት ገዛን። አንዱ ሽንት ቤቱ ጥግ፣ አንዱ መዝገብ ቤቱ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጮኸ። ጥበቃው ዱላ ይዞ ወደ ላይ ሮጠ። እትዬ፣ የጽዳት ሠራተኛችን፣ ወለሉን እየወለወሉ ነበር። በድንጋጤ ባልዲውን ደፍተውት የባሰ ይጮኻል። ከዚያ ወዲህ ሲወለውሉ መሣሪያውን አንስተው መስኮት ላይ ያስቀምጡታል፤ ሲጨርሱ ይመልሱታል። አንዳንዴ ይረሱታል። ዓርብ ዓርብ ከመውጣቴ በፊት መስኮቱን የማየው ለዚህ ነው። ከዚያ የፎቁን ዋና መዝጊያ እዘጋለሁ። ይህ ምንም ገንዘብ አልፈጀም።

ጎማዋ በሃያ ደቂቃ ተቀየረች። ሲሚንቶውን ለመፈንቀል ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። እትዬ በየሳምንቱ በማፍሰሻው ላይ አንድ ኩባያ ውኃ እንዲያፈሱ ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ ስለ ጎበጠው ቧንቧ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ሰዓት ሠሪውም ሳይቀር አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

ሰኞ ጠዋት አዲስ ተቀጣሪ ልጅ ሲያፈሱ አይታ «እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለቻቸው።

«ለአድባሩ ነው» አሉና ኩባያውን አራገፉት።