የግቢያችንን ክሊኒክ ታሪክ ስጽፍ የተማርኩት

የተማርኩበት ግቢ ታሪክ ሲዘጋጅ የተማሪዎች ክሊኒኩን ክፍል እኔ ልጻፍ አልኩ። ፍሬሽ እያለሁ ታይፎይድ ይዞኝ ያዳኑኝ እዚያ ናቸው። ውለታ አለብኝ።

ስህተቴ ከወረቀት መጀመሬ ነበር። የምሥረታ ደብዳቤ ፍለጋ መዝገብ ቤት ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። የሕንፃው፣ የምርቃቱ፣ የሹመቱ ወረቀት ሞልቷል። ስለ ክሊኒኩ ግን ከመድኃኒት መጠየቂያ በስተቀር ምንም የለም። ቢቸግረኝ ስለ ጎንደር ማንበብ ጀመርኩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን (ዶክተር ሳይሆን መርምሮ የሚያክም ባለሙያ)፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር፤ ከዚያ ቀደም ብሎ እዚያው ጎንደር አጠገብ ያለውን ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ጨርሶት ነበርና አገሩ በቂ ሐኪም እስኪያገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም ነበር። የእኛን ክሊኒክ ጤና መኮንንና ነርሶች ለምን እንደያዙት የገባኝ ያኔ ነው። ተማሪ እያለን «ዶክተር እንኳ የለውም» እንል ነበር። ተሳስተን ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። የታካሚዎች መዝገብ ሲሰጡኝ ገጾቹን በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ። ጡረታ የወጡት ሲስተር አብረውኝ ነበሩ። እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑት። «ልጄ፣ ይሄ የሰው ገመና ነው። አጥፋው» አሉኝ። እዚያው ፊታቸው አጠፋሁ። ስም ሳልጽፍ ቀንና ሕመም ብቻ በእጄ ገለበጥኩ።

ያም በቂ ነበር! ፈተና ሲደርስ ራስ ምታትና ጨጓራ ገጹን ይሞላዋል፤ የሜካፕ (ያመለጠ ፈተና በሌላ ቀን መፈተኛ) ወረቀት ፈልጎ የመጣም እንደነበር ሲስተር ነግረውኛል፣ ግን ማንንም ሳያዩ አልመለሱም፣ ምክንያቱም ወረቀት ጻፉልኝ ብሎ የመጣ ልጅ አንዳንዴ እንቅልፍ ካጣ ሳምንት አልፎት ይገኛል። መጋቢት 2012 ላይ መዝገቡ ይቆማል። ከመጨረሻው ስም በታች ያለው መስመር ባዶ ነው። ኮቪድ ገብቶ ተማሪው ወደየቤቱ ተሸኘ፣ ዶርሞቹ ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ከሳዑዲ የተመለሱ እህቶቻችን ያረፉት እዚያ ነው።

«ሥራውማ መች ቆመ?» አሉኝ ሲስተር። «እነሱን በሌላ ደብተር ነው የመዘገብናቸው።»

ደብተሩ ለጤና ቢሮ ተሰጥቷል አሉ። ሰኞ ፈቃድ ይዤ እሄዳለሁ፣ በእስክሪብቶና በወረቀት።