የካሊፐር ልምምዴ፦ ለጊዜው ሚሊሜትሩ ይበቃኛል

ባለፈው አዋቂ ሯጮችን የምለካበት ካሊፐር (የተቆነጠጠ ቆዳን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) መግዛቴን ስጽፍ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ታዲያ የልጆቹ ስብ ስንት ፐርሰንት ወጣ?» መልሱን ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ስለ እጅ።

ካሊፐር መያዝ ቶሎ ይለመዳል። አስቸጋሪው ቦታውን ማግኘት ነው። የክንድ ጀርባን እንውሰድ። ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ክርን ያለውን በሜትር ለክቶ እኩሌታው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ በግራ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ቆዳውን ከነስቡ ቆንጥጦ ማንሳት ነው። ካሊፐሩ ከጣቶቹ 1 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይገባል፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ ይነበባል። እስኪነበብ ጣት አይለቅም። ሁልጊዜ ቀኝ ጎን። ጡንቻ አብሮ የገባ ሲመስለኝ «እስቲ ክንድህን አጠንክረው» እላለሁ፤ ጡንቻው ከጣቴ ያመልጥና ስቡ ብቻ ይቀራል።

የፊት ጭን ግን አሁንም ያታግለኛል። የሯጭ ጭን ላይ ቆዳው ከጡንቻው ጋር የተጣበቀ ነው የሚመስለው። ልጁ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ጭኑን ከሥር በሁለት እጁ ደግፎ ሲያነሳልኝ ትንሽ ይላላል። እያንዳንዱን ሰው ሁለቴ እለካለሁ፤ ሁለተኛውን የምለካው ሁሉንም ቦታ አዳርሼ ስመለስ ነው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ትዝ እንዳይለኝ። የእያንዳንዱን ሰው የሁለት ልኬቶች ልዩነት ስኩዌር አድርጎ መደመር፣ ድምሩን ለተለካው ሰው ቁጥር እጥፍ ማካፈል፣ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፤ የእጄ ስህተት ማለት ይቺ ናት። የአንድ ሯጭ ለውጥ ከእሷ ካልበለጠ «ቀንሷል» አልልም።

አሁን ወደ ፐርሰንቱ። ካሊፐር ስብን በፐርሰንት አይለካም። የሚለካው የቆዳ እጥፋት ውፍረት ነው። ፐርሰንቱ የሚመጣው ከቀመር ነው፣ ቀመሩ ደግሞ ከሌሎች ሰዎች አካል። ደርኒንና ዎመርስሌይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት የ4 ቦታ ቀመር 481 ወንዶችና ሴቶች ላይ የተሠራ ነው። ጃክሰንና ፖሎክ በ1978 ለወንዶች ያወጡት ደግሞ በሌላ ሕዝብ ላይ። ሁለቱም እጥፋቱን ወደ ሰውነት እፍጋት (ክብደት ለይዘት ሲካፈል) ይቀይራሉ፤ እፍጋቱ በ1961ዱ የሲሪ ቀመር ወደ ፐርሰንት ይቀየራል፦ 495ን ለእፍጋቱ አካፍሎ 450 መቀነስ። የሲሪ መነሻ የስብ እፍጋት 0.9፣ የተቀረው አካል 1.1 ነው የሚል ነው።

ምሳሌ ልሥራላችሁ። ዕድሜው 24፣ ክብደቱ 56 ኪሎ የሆነ ሯጭ እንበል። የክንድ ፊት 3፣ የክንድ ጀርባ 6፣ ከጀርባ ከትከሻ አጥንቱ ሥር 8፣ ከዳሌ አጥንት በላይ 7፤ ድምሩ 24 ሚሊ ሜትር። በደርኒን 10.1 ፐርሰንት ይሆናል። ያው ልጅ ደረቱ 4፣ ሆዱ 7፣ ጭኑ 7 ቢሆን፣ በጃክሰን የ3 ቦታ ቀመር 4.6 ፐርሰንት ይወጣል! በኪሎ 5.7 እና 2.6 ማለት ነው። ልጁ አንድ፣ እጁም አንድ፤ 3 ኪሎ ስብ ግን ወዴት ሄደ? በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ እንደመልበስ ነው። ስለዚህ እኔ የምመዘግበው የ8 ቦታዎችን ድምር በሚሊ ሜትር ነው፣ ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ለማነጻጸር።

«ጂም ያለው ሚዛን እኮ ወዲያው ይነግርሃል» ያላችሁኝ አላችሁ። በባዶ እግር የሚቆሙበት ሚዛን ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ብዙውን ጊዜ በ50 ኪሎ ኸርዝ። ውሃ ያለበት ሥጋ ያሳልፈዋል፣ ስብ ይከለክለዋል። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስለሚሄድ በአብዛኛው የሚያየው እግርን ነው፤ የላይኛውን በግምት ይሞላል። ውሃ የጎደለው ሰው ደግሞ ስብ የጨመረ ይመስላል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ልጅና ጠዋት ጠጥቶ የመጣ ልጅ እዚህ ሚዛን ላይ አይወዳደሩም። ዴክሳ የሚባለው መሣሪያ በሁለት ዓይነት የኤክስሬይ ጉልበት አጥንትን፣ ስብንና የተቀረውን ይለያል፣ በጣም የተሻለ ነው። እሱም ቢሆን ከውድድር በፊት ፓስታውን በደንብ የበላ ሯጭ ላይ «ሥጋ ጨመረ» ሊል ይችላል፤ ጡንቻ ውስጥ የሚከማች ጉልበት ሰጪ ስኳር ውሃ ይዞ ስለሚገባ።

የታዳጊ ፕሮጀክት ልጆች ላይ ካሊፐር አላወጣም። አንደኛ፣ የሕፃን አካል የትልቅ ሰው ትንሹ አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ከስብ ውጭ ያለው አካሉ 80 ፐርሰንት ገደማ ውሃ ነው፣ የአዋቂ 73፤ ታዳጊው በመሐል ነው። አጥንቱም ገና አልጠነከረም። በሲሪ ከተሰላ ልጁ ያለ ስቡ ስብ ይጻፍበታል። ለልጆች የተሠራ የስሎተር ቀመር አለ፣ የ1988፦ ለወንድ ልጅ የክንድ ጀርባና የባት ድምር በ0.735 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ለሐኪም ይጠቅማል፣ ለእኔ ግን አይደለም።  

ሁለተኛው ምክንያቴ ሴቶቹ ናቸው። «ስብሽ በዝቷል» የተባለች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የምታደርገውን ሁላችንም አይተናል፦ እራት ትተዋለች፣ የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሰነጠቃል። የኦሎምፒክ ኮሚቴው በ2014 ጉዳዩን በቂ ጉልበት ያለማግኘት ብሎ ወንዶችንም ጨምሮበታል። የልጆችን የስብ ቁጥር ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ አሠልጣኞች ካላችሁ፣ እባካችሁ አንሱት። እኔ ለእነሱ ቁመት፣ ክብደትና ተቀምጠው የሚለካ ቁመት ብቻ እይዛለሁ፤ ማን ፈጥኖ እያደገ እንደሆነ ያሳየኛል።

ቀጣዩ ሥራዬ ጭን ነው። ሌላ ሰው በሌላ ካሊፐር እነዚያኑ አዋቂ ሯጮች እንዲለካልኝ እፈልጋለሁ፤ የእጄንና የመሣሪያውን ስህተት ለመለየት። ሃርፐንደን የሚባለው ካሊፐር ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ከጠዋት ልምምድ በፊት ቢሆን ይመረጣል።